ጋሽ ክብሪት እና የዳገቱ ፈተና

ሰውየው ሲጋራ አያጨሱም። ቢሆንም የኮታቸው ኪስ ከዓመት እስከ ዓመት በባዶ የክብሪት ቀፎ እንደተወጠረ ነው። ሥራቸው መንጃ ፈቃድ ፈላጊዎችን መፈተን ነው። ተፈታኙን ይዘው ከፈተና ሜዳው ጀርባ ወዳለው ዳገት ይወጣሉ፤ መኪናውን የዳገቱ ወገብ ላይ ያስቆሙታል፤ ከዚያ ወርደው፣ ጉልበታቸውን ደገፍ አድርገው፣ ከኋላ ጎማው በስተጀርባ አንዲት ባዶ ቀፎ ያስቀምጣሉ። "በል እንግዲህ፣ ተነሥና ሂድ" ይላሉ። መኪናው ወደ ፊት ከሄደ ሰውየው አልፏል። ሸርተት ብሎ ቀፎዋን ከጨፈለቃት ወድቋል። ምልጃ የለም፣ ክርክር የለም፤ የተጨፈለቀች ቀፎ እንደሆነች "አልተጨፈለቅሁም" ብላ አትዋሽም።

ስሙን ያወጡላቸው የወደቁት ናቸው። መጀመሪያ ለስድብ ነበር፤ "ያ ክብሪት ጣለኝ" ይሉ ነበር። ውሎ አድሮ "ጋሽ" ተጨመረበትና ስም ሆነ። እሳቸውም አልጠሉትም። ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀፎ የሚያጠራቅሙላቸው የእሷ ደንበኞች ናቸው። ቀሚሷን ልትለካ የመጣችው ሁሉ ከቦርሳዋ ሁለት ሦስት ባዶ ቀፎ ታወጣለች። "ባሌን ክብሪት ትሉታላችሁ እንጂ፣ ሲጫር እንኳ አይቼው አላውቅም" እያለች ታስቃቸዋለች።

ቢሮው ውስጥ ሌላም ፈታኝ አለ። ቸሩ ይሉታል። ለምን እንደሚሉት ማስረዳት አያስፈልግም። ቸሩ ዳገቱን አይወደውም፤ ተፈታኙን ሜዳው ላይ አንዴ አዙሮ፣ ስለ ቤተሰቡ ጤንነት ጠይቆ፣ ጨብጦ ይሸኘዋል። ቸሩ ፎቅ ሠርቷል። የጋሽ ክብሪት ቤት ደግሞ ጣሪያው ሲያፈስ ባልና ሚስቱ ባልዲውን ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ ይከርማሉ። ጎረቤቱ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብሎ ሲነካካቸው፣ "እኔን ደግሞ ማን ሾመኝ?" ይሉና ያልፋሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ሹመታቸውን ያውቁታል። መንገድ ላይ ሲሄዱ አንዳንድ የአውቶቡስ ሹፌር መብራቱን ብልጭ አድርጎ ያልፋቸዋል፤ በእሳቸው እጅ ካለፉት ጥቂቶች አንዱ ነው ማለት ነው። ያን ቀን እራት እስኪበሉ ድረስ ደስ ብሏቸው ይውላሉ። ለሰው የማይናገሩት ሀብታቸው ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ኋላ የሚያስፈልገን ነው። ጋሽ ክብሪት የጣሉት ሰው ሁለተኛ ሲመጣ የሚፈትነው ቸሩ ነው። ይህን ደንብ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። የወደቀ ሁሉ "ቂም ይዞብኝ ነው" እያለ ሲያማቸው ጊዜ፣ በአንድ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው፣ "አንዱ ፈታኝ የጣለውን ያው ፈታኝ ደግሞ እንዳይፈትነው ይሁን፤ ሐሜትም ይቀራል" አሉ። ኃላፊው ሐሳቡን ወዲያው ተቀበለ። ቤቱም አጨበጨበ። ከሁሉም አስበልጦ ያጨበጨበው ቸሩ ነበር፤ ጋሽ ክብሪትም በልባቸው፣ "ይኸ ሰው ለካ ክፉ አይደለም" አሉ።

አሁን ወደ እህታቸው ልጅ እንምጣ።

እናትና አባታቸው በላይ በላዩ ሲሞቱ ጋሽ ክብሪት ጎረምሳ ነበሩ፤ እህታቸው ደግሞ ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች። ትምህርታቸውን ትተው፣ መኪና እያጠቡ አሳደጓት፤ ዳሯት። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጅ ይዛ ቀረች። ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ እያጠበች ነው ልጇን ያሳደገችው፤ እጇ በማጠቢያው መድኃኒት ያልተላጠበት ቀን የለም። ልጁ ለአቅመ ሥራ ሲደርስ የመንገድ ሥራ ኩባንያ ሹፌር እንደሚፈልግ ሰማ። መንጃ ፈቃዱን ካገኘ እናቱን ከአንሶላው እንደሚያወጣት ማለላት።

ፈተናው ሲቃረብ ወደ አጎቱ ቤት መጣ። ሻዩን ሳይጠጣ ብርጭቆውን ያሽከረክር ነበር።

"አጎቴ፣ አንድ እሑድ ብቻ ዳገት ያሳዩኝ። ማሠልጠኛው ሜዳ ለሜዳ ነው የሚያዞረን። ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ መኪናው ወደ ኋላ ይሸሸኛል።"

"ልጄ፣ እኔ እኮ ፈታኝ ነኝ። ፈታኝ የገዛ ዘመዱን አሠልጥኖ ያሳለፈ እንደሆነ ነገ ሰው ምን ይላል?"

"ማን ያየናል?"

"እኔ አያለኋ!" አሉት።

ይህችን መልስ ወደዷት። ልጁ ከሄደ በኋላ ለሚስታቸው ደገሙላት። እሷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ እጅጌ ትሰፋ ነበር፤ መርፌውን አውጥታ፣ "እሺ አንተ አይሁን፤ ሌላ የሚያሳየው ሰው ፈልግለት" አለቻቸው።

"እሱም ያው ነው። በእኔ በኩል የሄደ ነገር ሁሉ የእኔ ነው።"

"አንተ ሰው፣ ከልጁ ይልቅ ስምህን ነው የምታሳድገው" አለችና ወደ እጅጌዋ ተመለሰች። የተናገረችው ለቀልድ ነው፤ እሳቸውም ለቀልድ ወሰዱት።

የፈተናው ቀን የልጁን ስም የጠሩት በእሳቸው ተራ ላይ ነው። ጋሽ ክብሪት ወደ ኃላፊው ገብተው፣ "የእህቴ ልጅ ነውና ለሌላ ይሰጥልኝ" ብለው ነበር። ኃላፊው ሳቀ። "እርስዎን ደግሞ ማን ይጠረጥራል? ይፈትኑት! የመጀመሪያ ፈተና የእርስዎ ነው።" ይህም እንደ ምስጋና ገባቸው።

ዳገቱ ወገብ ላይ ልጁ የእጅ ፍሬኑን ያዘ። ከጆሮው ግንድ ላብ ይወርድ ነበር። ጋሽ ክብሪት ወርደው ቀፎዋን አስቀመጡ፤ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ከወትሮው ትንሽ ራቅ አድርገው ነው ያስቀመጧት። ስህተታቸውን ወዲያው አዩና መልሰው አስጠጓት። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሸሸ። ቀፎዋ ጨፍ አለች።

"ሰማኋት" አለ ልጁ፣ ዞር ሳይል።

እህታቸው ያንኑ ቀን ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ መጣች። ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

"ጋሼ፣ አንድ ቀፎ ነው እኮ!"

"ቀፎ አይደለም እታለም። ከኋላው ሰው ቢቆምስ? እናት ልጇን ይዛ ብትቆምስ?"

"ከኋላው የቆምሁት እኔ ነኝ" አለች። በሩን ሳትዘጋ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ወደ ወንድሟ ቤት አልመጣችም።

ልጁ መንጃ ፈቃዱን ለማግኘት ብዙ አልቆየም። ከፈተና ሜዳው በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር የሚቆም አንድ ደላላ አለ፤ ባርኔጣ የማይለየው፣ ለሰው ሁሉ ሰላምታ የማይነፍግ፣ አቋራጭ የሚሉት። የወደቀ ሰው ከዳገቱ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። አቋራጭ ከልጁ እናት ቁጠባ የሚገባውን ተቀበለ፤ ቸሩ ልጁን ጨብጦ ሸኘው፤ ኩባንያውም መኪና ሰጠው።

አንድ ቀን ከጋሽ ክብሪት ደጅ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። ወጡ። ልጁ ከግዙፍ ገልባጭ መኪና ላይ ሆኖ፣ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ፣ ቁልቁል ያያቸዋል። ቂም አልያዘም፤ የመጣው እንዲያዩት ነው።

"ቸሩ ዳገት ላይ ፈተነህ?" አሉት።

"አጎቴ ደግሞ! እጄን ጨብጦ ነው የሸኘኝ።"

"እንግዲህ በእኔ እጅ አላለፍህም" አሉት። ዞረው ገቡ።

እዚህ ላይ እኔ ራሴ እናደዳለሁ። ገቢናው ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ነበር። ፈተናው አልፏል፤ ፈታኝነታቸው አብቅቷል፤ ዘመድነታቸው ብቻ ነው የቀረው። ኮታቸውን ደርበው፣ አጠገቡ ወጥተው፣ "ንዳ እስቲ፣ ዳገት እናግኝ" ቢሉት ምን ነበረበት? ማንም ምንም አይላቸውም ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን በተሰረቀ ነገር ላይ ማሳረፍ አልፈለጉም። ተቆጥተው ገቡ፤ ልጁም ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

በበነጋው ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደው፣ "ቸሩ ሰው ዳገት አያወጣም፤ ሰው ይሞታል" ብለው ተናገሩ። ኃላፊው በትዕግሥት አዳመጣቸው። "ማስረጃ አለዎት?" አለ። አልነበራቸውም። "ጋሼ፣ እርስዎ የራስዎን ይሥሩ። እርስዎን የመሰለ ሰው ሁለት ቢኖረኝ ይህ አገር የት በደረሰ!" አለና እስከ በሩ ሸኛቸው። ጉልበታቸው ዳገቱን እንቢ ስላላቸው ወደ ጽሑፍ ፈተናው ክፍል እንዲያዛውራቸው የለመኑትም ያን ጊዜ ነው። "ወይ ጉድ፣ ዳገቱን ለማን ጥለው? ያለ እርስዎ ይህ ቢሮ አይቆምም" አላቸው። በዓመቱ መጨረሻ የምስጉን ሠራተኛ የምስክር ወረቀት ሰጣቸው፤ ሚስታቸው በመስታወት አስገብታ ከልብስ ስፌት መኪናዋ በላይ ሰቀለችው። ውሃው ከሚያፈስበት ቦታ ራቅ አድርጋ ነው።

የልጁ ነገር አጭር ነው። ጠጠር ጭኖ አዲሱን መንገድ ሲወጣ ሞተሩ ዳገት መሐል ጠፋበት። አስነሣው። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናው ሸሸው፤ ሸሽቶም ከነጭነቱ ገደል ገባ። አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ከታች ሆነው ያዩ ነበር። ለመዝለል ጊዜ ነበረው አሉ፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ፍሬኑን እንደረገጠ ነበር።

ለቅሶው የተቀመጠው በእህታቸው ግቢ ነው። በኪራይ የመጡ የፕላስቲክ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ጋሽ ክብሪት ሲገቡ ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ እህታቸው ግን አላለቀሰችም። ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። እጇ የአንሶላ ሳሙና ይሸት ነበር።

"ጋሼ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ ልጅ ሳለች ውሃ ስትለምናቸው በነበረው ድምፅ፤ "መኪና ዳገት ላይ እንዴት እንደሚነሣ ታውቃለህ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"ለማስተማር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?"

የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ።

"ንገረኝ እንጂ። አንተ እኮ አትዋሽም።"

"ግማሽ ቀን" አሉ ጋሽ ክብሪት።

"ግማሽ ቀን" አለች። ወደ ሴቶቹ ዘወር ብላ፣ ሰው የገበያ ዋጋ እንደሚያወራ፣ "ግማሽ ቀን ነው አሉ የሚፈጀው" አለቻቸው። ከዚያ ነው ያለቀሰችው። ጋሽ ክብሪት ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ፤ እጃቸውን ገፋችው። "አትንካኝ፤ ይቆሽሽብሃል" አለች።

ከሴቶቹ መሐል ተነሥተው ወደ ወንዶቹ በኩል ሄዱ። ጥግ ላይ ባዶ ወንበር አግኝተው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ አጠገባቸው ሌላ ሰው መጥቶ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። አቋራጭ ነበር። ጥቁር ለብሷል።

"እግዜር ያጥናዎት ጋሼ። ጨዋ ልጅ ነበር። እኛም በጣም ነው ያዘንነው።"

ጋሽ ክብሪት ወንበራቸውን ፈንጠር አደረጉ።

"የእርስዎ የእህት ልጅ መሆኑን ስንሰማ እኮ ዋጋ ቀንሰንለታል" አለ ደላላው፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ። "ከእርስዎ ጋርማ እንዴት እንጨካከናለን?"

"ከእኔ ጋር?"

"ታዲያስ! እኛ በማን ነው የምንኖረው? ሰው መጀመሪያ ወደ እርስዎ ይላካል። ይወድቃል። በደንቡ ሁለተኛው ቸሩ ጋ ነው። አንዴ የወደቀ ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም። እርስዎ ባይኖሩ ማን ይከፍለን ነበር? ሁሉም በመጀመሪያው ያልፍ ነበራ! ኃላፊው ራሱ፣ 'ጋሽ ክብሪትን የነካ እኔን ነካ' ነው የሚለው። እውነቴን ነው፤ ማንም ስለ እርስዎ ክፉ እንዲያወራ አንፈቅድም።"

ይህን ሲል አላሾፈባቸውም፤ ይኸ ነው የሚያስለቅሰው። ሰውየው ምስጋናውን ሊያቀርብ ነው የመጣው። ጨርሶ ባርኔጣውን ደፋ፤ እህታቸውን አጽናንቶ ሄደ።

ጋሽ ክብሪት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። የኃላፊው ሳቅ፣ የቸሩ ጭብጨባ፣ ከስፌት መኪናው በላይ የተሰቀለው መስታወት፣ አንድ በአንድ መጡባቸው። ንጹሕ እጃቸው ሌሎቹ የሚቆልፉበት ቁልፍ ሆኖ ኖሯል። ዳገቱ ላይ የተጨፈለቀች ቀፎ ሁሉ ዛፉ ሥር ስትመነዘር ኖራለች። እሳቸው አንድ ሰው ጣልሁ፣ አንድ ነፍስ አዳንሁ ሲሉ፣ የጣሉት ሰው ቁልቁል ወርዶ፣ ከፍሎ፣ መንገድ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን አንድም ሰው አላዳኑም። ለማልቀስ ሞከሩ፤ እሱም እንቢ አላቸው።

ከለቅሶው በኋላ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በላይ ወዳለው መሥሪያ ቤት ሄደው አንድ ባለሥልጣን ፊት ቀረቡ። የሆነውን ሁሉ ነገሩት። ባለሥልጣኑ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣ "እርስዎ የጣሏቸው ሰዎች በእውነት መውደቅ የሚገባቸው ነበሩ?" አላቸው።

"አዎ።"

"ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? እርስዎ ሥራዎን በሚገባ ሠርተዋል።" ሻይ አዘዘላቸው።

ማታ ሚስታቸው፣ "እና ምን ልታደርግ ነው?" አለቻቸው።

"ሁሉን ባሳልፍ እኔም ቸሩን ሆንሁ። ብጥል አቋራጭን አበላሁ። ብተወው እንደ እኔ ያለ ሌላ ድንጋይ ፈልገው ይተክላሉ።" ቀፎዎቹን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፏቸው፤ ትንሽ ቆይተው መልሰው ለቀሟቸው። "ሌላ ሥራ አላውቅም" አሉ። ሚስታቸው መቀሷን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ወደ ሥራ ተመለሱ። ከተመለሱ በኋላ ቀድማ የደረሰቻቸው ተፈታኝ አንዲት ወጣት ነበረች። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የሚያመላልስ መኪና ልትነዳ ነው። ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመች፤ ቀፎዋ ተቀመጠች፤ መኪናው ሸሸ፤ ቀፎዋ ጨፍ አለች።

ጋሽ ክብሪት በመስኮቱ በኩል ቆመው አዩዋት። ከዚያ፣ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። በሩን ከፈቱላት።

"ወዲያ ጠጋ በይ ልጄ። ላሳይሽ።"

መሪውን ያዙ። "እዪ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ትለቂያለሽ። መኪናው አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ይሰማሻል፤ ሞተሩም ድምፁ ይወፍራል። ያን ጊዜ ነው የእጅ ፍሬኑን የምትለቂው፤ ከዚያ በፊት አይሆንም። ሰማሽው? ይኸውልሽ፣ አሁን ያዘ።" መኪናው ሳይሸሽ ተነሣ። "በይ አሁን አንቺ ሞክሪ። ካስፈለገ እስከ ምሳ ሰዓት እንሞክራለን። ከፈለግሽ እሑድም እመጣለሁ።"

ልጅቷ ስልኳን አየች። ባለጌ አልነበረችም፤ አፍራ ነበር።

"ጋሼ፣ አይድከሙ። ይጣሉኝና ልሂድ።"

"እንዴት?"

"ከሰዓት በኋላ ቸሩ ጋ ተይዞልኛል። ተከፍሏል። የእርስዎ የመውደቂያ ፊርማ ብቻ ነው የቀረኝ።"

"ልጆች ነው እኮ የምትጭኚው።"

"አውቃለሁ። ሥራው ደግሞ ነገ ይጀመራል፤ እኔ ካልደረስሁ ለሌላ ይሰጡታል።" ቀና ብላ፣ "አለፍሽ ይሉኛል?" አለቻቸው።

ጋሽ ክብሪት የተጨፈለቀችውን ቀፎ አዩ። አለፈች ለማለት አፋቸው አልታዘዘላቸውም፤ ውሸት ነውና። ወደቀች ብለው ፈረሙ፤ እውነት ነውና። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ በሩጫ ቁልቁል ወረደች። ከታች፣ ዛፉ ሥር፣ አቋራጭ ባርኔጣውን አንሥቶ ወደ ዳገቱ በአክብሮት እጅ ነሣ።

ቀጣዩ መኪና መጥቶ ቆመ። ጋሽ ክብሪት ከኪሳቸው ሌላ ቀፎ አወጡ፤ ጉልበታቸውን ደግፈው ጎንበስ አሉ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቁልቁል አያቸው።

"ጋሼ፣ ታክሲ እያስጠበቅሁ ነው፤ ቶሎ ይጥሉኛል አይደል?"